ከመብረቅ ቀድማ የምትጮኸው መሄርጃን

ኖአሃቲ መንደር ውስጥ የመሄርጃንን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። አመሻሽ ላይ ዳክዬዎቿን ከውሃ ስትጠራ የጎረቤት ዳክዬ ሁሉ ተከትሎ ይመጣና ባለቤቶቹ ለመለየት ይቸገራሉ። ዓሣ ነጋዴ በሚዛን ያጭበረበራት ቀን ደግሞ የሰውየው ጀልባ ከዳርቻው ሳይርቅ፣ ማዶ ያለው መንደር የነጋዴውን ዘር ማንዘር እስከ ሰባት ቤት ሰምቶ ይጨርሳል። ባሏ ሱሩጅ አሊ በሕይወት ሳለ፣ «ሰው ሚስት ያገባል፤ እኔ የመርከብ ጡሩምባ አገባሁ» ይል ነበር። እሱ ቃል ከአፉ በጉተታ የሚወጣ ዝምተኛ፣ እሷ አፏ የማይከደን። «ሁለቱን ቀላቅለው ቢያካፍሏቸው ሁለት ልከኛ ሰው ይወጣቸው ነበር» ይላሉ መንደርተኞቹ። ይበሉ እንጂ ማንም እንዲካፈሉ አልተመኘም። እንደዚያው ሆነው ያምሩ ነበር።

አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ነች። ከንፈሯ ከጠዋት እስከ ማታ በምታኝከው የፓን ቅጠል ቀልቶ ቀርቷል። ስትስቅ ሆዷ ቀድሞ ይስቃል።

ኖአሃቲ ሃኦር በሚባለው ረባዳ ሜዳ መሃል ጉብ ያለች መንደር ናት። ክረምት ሲገባ ዙሪያዋ ባሕር ይሆናል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ዓይን እስከሚደክም ድረስ ሩዝ። ሩዙ የሚደርሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በቦይሻክ ወር ነው። በዚያው ወር ከሰሜኑ ተራራ የሚወርደው ደራሽ ውሃም ግድቡን ሊሰብር ይመጣል። በዚያው ወር መብረቁም ይመጣል። ሦስቱ ተቃጥረው የሚገናኙ ይመስል፣ ገበሬው አንድ ዓይኑን ማጭዱ ላይ፣ አንዱን ግድቡ ላይ ሲያደርግ፣ ለሰማዩ የሚተርፍ ዓይን የለውም።

ሱሩጅ አሊም አልነበረውም። ትልቋ ልጃቸው በተዳረች ዓመት ነው። ብቻውን ያጭድ ነበር፤ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ማጉረምረም ጀመረ። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ያረጀ የሂጃል ዛፍ ብቻ ነበር። ዛፍ ጥላ ነው፣ ጥላ መጠለያ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ወዴት ይሄዳል? ሮጦ ከሥሩ ገባ። መብረቁም ዛፉን ብሎ መጣ።

መሄርጃን ስትደርስ ሰው ከቦት ቆሟል፤ ግን ራቅ ብሎ። «አትንኩት! እሳቱ ገና ከላዩ አልወጣም!» ይላል አንዱ። «የነካው አብሮ ይሄዳል!» ይላል ሌላው። ልትጠጋ ስትል ሁለት ሴቶች ወገቧን ይዘው አስቀሯት። ሱሩጅ ልክ እንደተኛ ሰው ነበር፤ ደም የለበትም፣ ቁስል አይታይበትም፣ ሽርጡ ጫፉ ላይ ብቻ ተቃጥሏል። ኢማሙ መጥቶ «ንኩት፣ ችግር የለውም» እስኪል ድረስ ባሏ ቀዝቅዞ ነበር።

በመብረቅ የሞተ ሰው አጥንት ማግኔት ይሆናል፣ ወርቅ ያወጣል የሚል ወሬ በዚያ አገር አለ፤ በዚህ የተነሳ መቃብር የሚቆፍር ሌባ አይጠፋም። እናም ሱሩጅን ከመንደሩ መቃብር ሳይሆን ከገዛ ጓሮዋ፣ ከማድቤቷ ጀርባ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ መሄርጃን ዝም አለች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ ማንም አላወቀም። ዳክዬዎቹ እንኳ ሲመሽ ራሳቸው መምጣት ለመዱ።

መብላት ግን አይቀርም። በሚቀጥለው ቦይሻክ ከሩቅ አገር ለሚመጡ አጫጆች ምግብ ልታበስል ዐውድማ ወረደች። ዐውድማው ከመንደሩ ርቆ ከሩዙ መሃል ነው፤ አጫጆቹ እዚያው በሣር ጎጆ ያድራሉ። ጠዋት በውሃ ያደረ ሩዝ በጥሬ ቃሪያና በደረቀ ዓሣ፣ ቀን ምስርና ትኩስ ሩዝ ታቀርባለች። አጫጆቹ ሁሉ የእናታቸው እህት የሆነች ይመስል «ኻላ»፣ አክስቴ፣ ይሏታል። ድስቱን እያማሰለች ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። ደመና ባየች ቁጥር ማማሰሉን ትታ ትቆማለች። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አታውቅም ነበር።

ያሳወቀቻት ሺዩሊ ናት። ሺዩሊ በአካባቢው ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ባለመነጽር፣ ፈጣን ልጅ ነች። አንድ ቀን በግድቡ ላይ በብስክሌት መጥታ ሴቶቹን ከዐውድማው ጥግ ሰብስባ ስለ መብረቅ ማስረዳት ጀመረች።

«ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው» አለች። «ዝናቡን አትጠብቁ። መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ ይወርዳል፤ አናታችሁ ላይ ሰማዩ ጠራ ብሎ እያለም ከሩቅ ደመና ሊመጣ ይችላል።»

«እና ወዴት እንግባ?» አለች መሄርጃን። «ጎጆው እዚህ ነው።»

«የሣር ጎጆ ከዝናብ ነው እንጂ ከመብረቅ አያድንም፣ ኻላ። ዛፍማ ጭራሽ አይሆንም። መብረቅ ረጅም ነገር ይወዳል፤ ዛፉን ሲመታ ከሥሩ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ረጅሙ ነገር እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔን ረጅም ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ልጄ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መሄርጃን ራሷ ፈገግ አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ከሩዙ አንጻር ማለቴ ነው» አለች ሺዩሊ እየሳቀች። «የጡብ ወይም የሲሚንቶ ቤት ውስጥ ግቡ። ካልሆነ በሩም መስኮቱም የተዘጋ መኪና። ከውሃ ውጡ፣ ከጀልባ ውረዱ፣ ግድግዳም አትደገፉ። መሬት ላይም አትተኙ፤ መብረቅ በመሬትም ይሮጣል። ደግሞ አንድ ላይ ተጣብቃችሁ አትሩጡ፤ ተራራቁ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው። ነጎድጓዱ ካቆመም በኋላ ለመውጣት አትቸኩሉ፤ ሩዝ በስሎ አርፎ እስኪወጣ ያህል ታገሡ።»

ከዚያ ሺዩሊ የተመታን ሰው ወደ መርዳቱ ገባች። የተመታ ሰው እሳት የለበትም አለች። መብረቁ አልፎ ሄዷል፤ ቢነኩት ምንም አያደርግም። ልቡ ቆሞ ትንፋሹ ጠፍቶ እንኳ ወዲያው ደረቱን ቢጫኑለት፣ ትንፋሽ ቢሰጡት፣ የሚነሳ አለ።

መሄርጃን ጭልፋውን ከእጇ አስቀመጠች።

«ወዲያው ስትይ?» አለች።

«በቶሎ፣ ኻላ። ጊዜ ሳይሰጡ።»

«ሰው ከቦት ቆሞ፣ ኢማሙ እስኪመጣ ሲጠበቅስ?»

ሺዩሊ የሱሩጅን ታሪክ አታውቅም ነበር። አጠገቧ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት ገባት፤ ፊቷ ተለወጠ። ሴቶቹ አቀረቀሩ።

«ኻላ፣ አልዋሽዎትም» አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ። «ይነሳ ነበር ማለት አልችልም። የሚነሳ አለ፣ የማይነሳም አለ። ማንም አያውቅም።»

መሄርጃን ዓይኗ እየሞላ የተቀመጠችበትን ሣር ነጨች። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «እንዴት ነው የሚጫኑት? አሳዪኝ» አለች።

በእብቅ የተሞላ ጆንያ ላይ አሳየቻት። ሁለቱን መዳፍ ደራርቦ፣ ከደረቱ መሃል፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ፣ በኃይልና በፍጥነት። «አይዘኑለት» አለች ሺዩሊ፤ «ካዘኑለት አይሠራም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ መሄርጃን እየደጋገመች ጆንያ ስትጫን የሚያያት ሁሉ፣ «ሴትዮዋ ነካ አደረጋት መሰለኝ፤ ጆንያ ትደበድባለች» ይል ጀመር። እሷ እቴ! ድምፅዋ ተመልሷል፤ ማን ሊያስቆማት!

በመጀመሪያ የሄደችው የሱሩጅ የአጎት ልጅ ወደሆነው ወደ ኬራመት ነው። ኬራመት በመስጊዱ ለሶላት የሚጣራው ሙአዚን ነው፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ሕግ የሚወድ ሰው።

«ደመና ሲነሳ ስልክ እደውልልሃለሁ፤ አንተ በማይክሮፎኑ ለሰው ሁሉ ትናገራለህ» አለችው።

«አይሆንም። ማይክሮፎኑ ለአዛንና ሰው ሲሞት ለመንገር ነው።»

«ሰው መሞቱን ለመናገር ከተፈቀደ፣ እንዳይሞት ለመናገር ማን ከለከለ?»

ኬራመት ኢማሙን ሊጠይቅ ሄደ። ኢማሙ የሱሩጅን ሬሳ ያጠበ ሰው ነበር፤ ብዙም አላሰበበትም፣ «ተናገር» አለው።

ሁለተኛው ችግር ከዐውድማው ተነስቶ መንደር እስኪደረስ መንገዱ ረጅም መሆኑ ነው። በቅርብ ያለ የግንብ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ግድቡ ላይ ያለው የውሃ በር ጠባቂ ክፍል። ቁልፉ ደግሞ ከጠባቂው አንገት አይወርድም፤ ክፍሉን ለማዳበሪያ መጋዘን አድርጎታል። መሄርጃን አልተጣላችውም። ስትመጣም ስትሄድም በትኩስ ሩዝ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ታደርስለት ጀመር። ሰውየው በላ፣ በላ፣ በመጨረሻ ማዳበሪያውን ጥግ አስይዞ ቁልፉን ሰጣት። «ሴትዮ፣ በዚሁ ከቀጠልሽ ግድቡን ራሱን ትወስጂብኛለሽ» አላት።

እንዲህ ሆኖ ነው የመሄርጃን ድስት ሥራ የጀመረው። ከሰሜን ምዕራብ ደመና መከመር ሲጀምር፣ ወይም ያቺ የሩቅ ጉርምርምታ ጆሮዋ ስትገባ ትልቁን ባዶ ድስት ገልብጣ በብረት ጭልፋ ትቀጠቅጠዋለች። ከላዩ ላይ ድምፅዋን ትጨምርበታለች። ከዚያ ስልክ፤ ከዚያ የኬራመት ማይክሮፎን። ኬራመት ሰው እንዳይደናገጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚጀምረው፦ «የኖአሃቲ ሰዎች! አዛን አይደለም! ሰውም አልሞተም! መብረቅ ነው፣ ግቡ!»

የመንደሩ ሰው ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ሳቀ። ከሳቁት ሁሉ አፉ የሚብስ አለቃ ቶራብ ነበር። ቶራብ ከፓብና በየዓመቱ አጫጆች ይዞ የሚመጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው በር የሚያህል ሰው ነው። ዕድሜው ከመሄርጃን ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ እሱም ግን «ኻላ» ነው የሚላት፣ ሊያናድዳት።

«ኻላ፣ አሁን ያጉረመረመው ሰማዩ ነው ወይስ ሆድሽ?»

«የኔ ሆድ ሲያጉረመርም ካንተ አይደርስም፤ ያንተ አፍ ነው እንጂ ፓብና ድረስ የሚሰማው!»

አጫጆቹ ይስቃሉ። ግን ቀልዱ ሁልጊዜ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰሞን ድስቱ ደጋግሞ ጮኸ፤ ሰዎቹ ደጋግመው ማጭድ ጥለው ወደ ግንቡ ቤት ሮጡ፤ ደመናው ግን በሌላ በኩል አልፎ ሄደ። ቶራብ ተበሳጨ።

«ስሚኝ» አላት፣ ያን ቀን ሳይቀልድ። «ደራሽ ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም። ሩዙን ውሃ ከበላው የኔ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ነው የሚገቡት። የምንወስደው ካጨድነው ላይ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ። ይሄ ሩዝ ቢያመልጣቸው ዓመቱን ምን ይበላሉ?»

«አባታቸው ቢያመልጣቸውስ?»

«ይሄው! አንቺ ሁሉንም ነገር ወደ ሞት ትወስጂዋለሽ።»

«እኔ አይደለሁም የምወስደው» አለች መሄርጃን። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ድምፅ ዝቅ ስታደርግ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። «አለቃ፣ ደመናው ስላለፈ ዋሸሁ አትበለኝ። ውሻ ጮሆ ሌባ ባይመጣ ውሻ ይገረፋል እንዴ?»

ቶራብ ማጭዱን አንስቶ ሄደ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሆዷ መጠየቁን ተወ።

በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን ግድቡ በደቡብ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። የመንደሩ ወንድ በሙሉ ቅርጫትና አካፋ ይዞ አፈር ሊሞላ ወጣ። ቶራብና ሰዎቹ ደግሞ ውሃው ቀድሞ የሚደርስበትን ዝቅተኛውን ማሳ ሊያጭዱ ወረዱ። ከግንቡ ቤት ቅርብ ያለው ማሳ መሆኑ ዕድል ነበር። አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ነፋስ የለም። ወፍ አይጮህም።

መሄርጃን ምስሩን ከእሳት እያወረደች ቀና ስትል ከተራሮቹ ወዲህ ደመናው እንደተቆለለ ጥጥ ወደ ላይ ሲያድግ አየች። አናቱ ነጭ፣ ሥሩ የድስት ቂጥ። ቆም ብላ አዳመጠች። ጉርምርምታው ከጆሮ ይልቅ በእግር ሥር የሚሰማ ዓይነት ነበር። ምስሩን እዚያው መሬት ላይ ተወችና ድስቱን ትቀጠቅጥ ጀመር።

ግድቡ ላይ የነበሩት ወደ መንደሩ መሮጥ ያዙ። የኬራመት ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ «አዛን አይደለም! ሰውም አልሞተም!» የቶራብ ሰዎች ግን ቀና ብለው አለቃቸውን አዩ። ቶራብም ሰማዩን አየ። አናታቸው ላይ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋም አለች።

«ይቺን መስመር ጨርሰን» አለ።

መሄርጃን ጭልፋዋን ወርውራ ግድቡ ጫፍ ላይ ወጣችና ከሆዷ ጮኸች፦ «ቶራብ! የልጆችህን አባት አምጣልኝ!»

ቶራብ ለምን እንደሆነ በኋላም ሊያስረዳ አልቻለም። ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ሁለተኛው ጉርምርምታ ሲመጣ ግን ቀና አለና፣ «ማጭዱን ጣሉ! ሂዱ! ተራራቁ፣ እንዳትጠጋጉ!» አለ። ሰዎቹ ሮጡ። እሱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የታጨደው ሩዝ ክምር ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ከገባበት ይበቅላል። ሸራ ሊያለብስ ዞረ።

መሄርጃን የግንቡን ቤት በር ይዛ ቆማለች። ሰዎቹ እያለከለኩ፣ ጭቃቸውን እያንጠባጠቡ ገቡ። «አለቃስ?» አለች። እርስ በእርስ ተያዩ። ወደ ውጭ ስታይ ቶራብ ሸራውን ጨርሶ እየሮጠ ይመጣል። ግድቡን ወጣ። ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ጥርሱን እንኳ አየች፣ እየሳቀ ይሁን እያለከለከ እንጃ።

ከዚያ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ። ድምፁ ከብርሃኑ ጋር አንድ ላይ መጣ፤ ጣሪያው አቧራ አራገፈ፤ አንድ ሰው ጮኸ። መሄርጃን ዓይኗን ስትገልጥ ቶራብ ከግድቡ ላይ በጀርባው ተዘርሯል።

«ያ አላህ! ተመታ!»

«አትውጡ! አትንኩት! እሳቱ አለበት!»

ያው ቃል። መሄርጃን ያንን ቃል ከዚህ ቀደም በየትኛው ሜዳ ላይ እንደሰማችው ሰውነቷ ያውቀዋል። በሩን ይዛ ቆመች። ፈራች፤ እንዲያው በድፍረት ዘለለች ብሎ መናገር ውሸት ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ጆይናል የሚባለውን ጎረምሳ አጫጅ በሽርጡ ጨምድዳ ያዘችው።

«እሳት የለበትም! አልፎ ሄዷል! አንተ እግሩን፣ እኔ ብብቱን። ና!»

ጆይናል እሷን ይሁን መብረቁን የበለጠ እንደፈራ እሱም አያውቅም፤ ግን ወጣ። ቶራብን ጎትተው አስገቡት። ከንፈሩ ጠቁሯል። መሄርጃን ጆሮዋን ከአፉ አስጠጋች፤ ምንም የለም። ደረቱ አይነሳም። ተንበረከከች፣ መዳፏን ደራረበች፣ ክንዷን ቀጥ አደረገች፤ ተጫነች።

«ኻላ፣ ሞቷል እኮ…» አለ አንዱ።

«ዝም በል! ሺዩሊ ጋ ደውል! ጆይናል፣ አፍንጫውን ያዝና በአፉ ንፋበት!»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ባል የሞተብኝ ሴት ልንፋበት? ንፋ!»

«ኻላ፣ ትምባሆ ነው የሚያኝከው!»

«ንፋ አልኩህ!»

ጆይናል ነፋ። መሄርጃን ተጫነች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ውጭ ዝናቡ ወረደ፤ መብረቁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይሰነጥቃል። አንድ ነገር ከእጇ ሥር ቀጭ አለ፤ አጥንት ነው። አላቆመችም። አይዘኑለት ተብላለች፤ አላዘነችለትም። ክንዷ ሲዝል ሌላው ተካት፤ እሱ ሲዝል እንደገና እሷ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰዎቹ ጸሎት መሰላቸው። ጆይናል ግን አጠገቧ ስለነበር ሰምቷታል፦ «ተነስ ሱሩጅ፣ ተነስ ሱሩጅ» ነበር የምትለው።

ቶራብ ሲተነፍስ ድምፁ የተዘጋ ቧንቧ ድንገት ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ሳለ። እንደገና ሳለ። ዓይኑን ገለጠና ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ ከላዩ ላይ የተደፋችውን፣ አፏ ደም የመሰለ ሴት አየ። መልአከ ሞት መስላው ኖሮ እንደገና ጨፈነ። ሰዎቹ ሳቁም አለቀሱም፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። መሄርጃን ግድግዳው ጋ ሄዳ ልትደገፍ ስትል ሺዩሊ ያስተማረቻት ትዝ አላት፤ መብረቅ በግድግዳም ይመጣል። ከክፍሉ መሃል ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ወጀቡ ካለፈ በኋላ ሺዩሊ ደረሰች፤ ቶራብን በጀልባ፣ ከዚያም በመኪና ሆስፒታል ወሰዱት። መጀመሪያ ግን መሄርጃንን ተቆጣቻት። «መብረቁ ከላያችሁ ላይ እያለ ወጡ? እርስዎም ቢመቱስ?» አለች። መሄርጃን፣ «እውነትሽን ነው፤ ልክ አይደለም» አለች። «ነገም ቢሆን እወጣለሁ ግን።» ሺዩሊ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና አቀፈቻት።

ዝቅተኛው ማሳ በማግስቱ ውሃ ገባበት፤ ያልታጨደው ሰመጠ። በሸራ የተሸፈነው ክምር ተረፈ። ሁሉም አልዳነም፣ ሁሉም አልጠፋም፤ የሃኦር ሰው ይህን ለምዶታል።

ቶራብ በተመታበት ዕለት አመሻሹ ላይ መሄርጃን ከማድቤቷ ጀርባ ወጥታ ሱሩጅ አጠገብ ተቀመጠች። ኬራመት ከመስጊድ ሲመለስ አያት፤ ሊያልፍ አለና ተመለሰ።

«ደህና ነሽ?»

«ያኔ ብችል ኖሮ…» አለች።

«አታውቂም ነበር፤ ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔም ከከበቡት ውስጥ ነበርኩ፣ መሄርጃን። እኔም አልነካሁትም።»

ይህን ከዚያ በፊት ተናግሮት አያውቅም። እሷም እንደምታውቅ ነግራው አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ አለ። ዳክዬዎቹ በመካከላቸው እያለፉ ገቡ።

ቶራብ በሚቀጥለው ቦይሻክ መጣ። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ጀርባው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ወጥቶበት እንደነበር፣ ሰንብቶ እንደጠፋ ተናገረ፤ ቃላትም ያመልጡታል፤ ማጭድ ለማለት ፈልጎ ጭልፋ ይላል። መሄርጃንን ሲያያት ደረቱን ይዞ ቆመ።

«የጎድን አጥንቴን ሰበርሽው።»

«የቀሩትን ትቼልሃለሁ፤ አመስግን።»

«ሚስቴ አንድ ነገር ልካልሻለች።» ከቦርሳው በፓብና የተሸመነ አረንጓዴ ልብስ አወጣ። «ለዚያች ጯሂ ሴትዮ ስጥልኝ ብላለች። ስምሽን ነግሬያት ነበር፤ አልያዘችውም።»

መሄርጃን ልብሱን ዳበሰች፣ ወደ ብርሃን አነሳችው፣ ሽመናውን መረመረች። «ሚስትህ ካንተ ትሻላለች» አለችና ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

ቶራብ በዚያ ወቅት ከአጨዳው በፊት የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ተናገረ፤ ቃላት ሲያመልጡት ጆይናል እየሞላለት። የመንደሩ ሰው ጡብ አዋጣ፣ አጫጆቹ ጉልበት አዋጡ፤ ኬራመት ከመስጊዱ የተረፈ ሲሚንቶ እንዲሰጥ ኢማሙን ለመነ። ከዐውድማው ዳር፣ ከፍ ብሎ በተደለደለ አፈር ላይ፣ ጣሪያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ያለው፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተሠራ። ዘንጉን ሺዩሊ ያመጣችው ባለሙያ ነው የተከለው። ቤቱን «የመሄርጃን ቤት» ይሉታል፤ እሷ ግን የውሃ በር ጠባቂው ዓሣውን አጥቶ እንዳይከፋው ለእሱም መላኳን አልተወችም።

የመጀመሪያው ደመና የመጣ ቀን ድስቱ ጮኸ፤ አጫጁ ሁሉ ሳይጠይቅ፣ ሳይቀልድ፣ ተራርቆ እየሮጠ ገባ። በሩ ተዘጋ። ውጭ ሰማዩ ይፈነዳል፤ ውስጥ ያ ሁሉ ወንድ ከነጭቃው፣ ከነላቡ መሃል ላይ ተፋፍጎ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶ መሄርጃን አፍንጫዋን በልብሷ ሸፈነች።

«ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ እንስራ ውሃ አስቀምጣለሁ» አለች። «ድስቱ ከመጮሁ በፊት እግሩን የታጠበ ብቻ ነው የሚገባው። ከመብረቅ ተርፌ በእግር ሽታ ልሙት እንዴ?»

«ምን አለች?» አለ ቶራብ፣ ደህናውን ጆሮውን እያዞረ።

«እግርህ ይሸታል አለችህ!» ብለው ጮኹበት።